ሞቶ የመቅረት ፈቃድ

ይመር እንድሪስ ልቡ ክረምቱን እንደማትሻገርለት ሐኪም ከነገረው ገና ሳምንት ሳይሞላው፣ የቅሬው ዳኛ ወይዘሮ ጦይባ በጠዋት በሩን አንኳኳች። ጦይባ ደግ ሴት ናት። ክፋቷን መስክሩ ቢባል ከኮምቦልቻ አንድ ሰው አይገኝም። ጣጣውም እዚህ ላይ ነበር፤ ክፉ ሰው ሲመጣ በር ይዘጋበታል፣ ደግ ሰው ሲመጣ ግን ወንበር መሳብ ግድ ነው። ይመር እያጉረመረመ ወንበር ሳበላት።

«ወሬውን ሰምተን ደነገጥን ጋሽ ይመር» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «አላህ ያሽርዎ። አብሽሩ፣ ቅሬው ከጎንዎ ነው።»

ከቦርሳዋም የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ደረትዎ ላይ ትለጠፋለች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማውራት ብቻ ነው። ልጅነትዎን፣ ባቡሩን፣ ነፍሷን ይማረውና ባለቤትዎን እትዬ ደብሪቱን። እንዳመጣልዎ።»

«አልፈልግም» አለ ይመር።

«መጀመሪያ ላይ ማንም አይፈልግም። በኋላ ነው ደስ የሚለው።»

«በኋላማ እኔ የለሁም!»

«ለዚህ እኮ ነው» አለች ጦይባ፣ ልጅ እንደምታባብል ሁሉ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ድሮ የቅሬ ሥራ መቃብር መቆፈር፣ ድንኳን መትከል፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ሐዘንተኛ ማጽናናት ነበር። ይመር ገና ባቡር በሚነዳበት ዘመን ፋብሪካዎቹ ለልቅሶ የሚሰጡትን ፈቃድ ከግማሽ ቀን በታች አወረዱት። ቅሬዎቹ ተሰብስበው መላ መቱ፤ ሟቹ ራሱ ያጽናና ተባለ። አለኝታ የመጣው እንዲህ ነው፤ በቁልፏ ከተቀዳው ወሬ በሟቹ ድምፅ የሚናገር ማሽን። ዛሬ ልቅሶ የሚደርስ ሰው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ገና ጫማውን ሳያራግፍ ሟቹ በስሙ ጠርቶ ይቀበለዋል፤ «ግቡ፣ ግቡ፣ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ደህና ነኝ ላለ ሰው ደግሞ ማን ያለቅስለታል? ሰዉ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ፈረቃው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አለኝታው ሟቹ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ኑሮውን ይቀጥላል። በበዓል ይመርቃል፣ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ይሆናል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ድንኳኑ ላይ በአረንጓዴ ክር «በቅሬያችን ሞቶ የሚቀር የለም» የሚል ተጠልፎበታል።

መጀመሪያ ላይ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተቆጥተው ነበር። ነፍስ መሄጃ አላት፣ ግድግዳ ላይ አትስቀሉብን አሉ። ሽምግልና ተቀመጡና ደንቡ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ። አለኝታ የማይፈልግ ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ ከሞት በኋላ ሕይወት እንዳለ እንደሚያምን በአፉ ይናገር፤ አንድ የሃይማኖት አባት ተነስቶ «ሰምቻለሁ» ይበል፤ ቤተሰቡም ከልቡ መሆኑን ይመስክር፤ ከዚያ በኋላ መሄጃው ታውቋልና በሰላም ይሂድ። ደንቡ አለ፣ የሚጠቀምበት ግን እየጠፋ ሄደ። ሕዝቡ ገነቱንም ግድግዳውንም ያዘ። አንዱ ቢከዳ አንዱ ብሎ ነዋ።

«እንግዲያ እኔም ፈቃዱን ልጠይቃ» አለ ይመር።

«በየትኛው ሃይማኖት?»

«ሃይማኖት እንደሌለኝ አገር ያውቃል፣ ጦይባ።»

«እሱን አይደል የምልዎ!» ጦይባ እጇን ጭኗ ላይ መታች። «ፈቃዱ መሄጃ ላላቸው ነው። እርስዎ የት ይሄዳሉ? መሄጃ የሌለውን ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ፣ ቅሬ ነኝ ይባላል? ኧረ ነውር ነው! አለኝታ ከማንም በላይ ለእርስዎ ነው የሚያስፈልገው።»

ይመር ቁልፏን በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረጋት። 

«እምቢ ካልኩስ?»

«ቅሬው አይቀብርዎትም።»

«አይቅበረኝ። ከሞትኩ በኋላ ምን ገዶኝ?»

«ትርንጎንም ከቅሬ ያስወጣታል» አለች ጦይባ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። «ደንብ ነው። እኔ አላወጣሁት።»

ትርንጎ ብቸኛ ልጁ ናት። ደረቅ ወደብ ትሠራለች፣ ባሏን ፈትታ ከመጣች ወዲህ ከሱ ጋር ነው የምትኖረው። ከቅሬ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ምን እንደሚገጥመው ለማንም አይጠፋውም፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚያነሳው፣ መንገድ ላይ ሰላም የሚለው የለም። ይመር ቁልፏን አያት። ጦይባ መርቃው፣ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች።

የሰፈሩ ሰው ይመርን «ባቡር ነጂው» ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ባቡሩ ራሱን ነበር የሚነዳ። ይመርን ወንበሩ ላይ የጎለቱት ተሳፋሪው እንዳይፈራ ነው። ሰው አለ ለማሰኘት ብቻ መቀመጥ ምን ያህል አንጀት እንደሚያበግን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ የመምህር ማንደፍሮ ሦስተኛ ሙት ዓመት ነበር። ማንደፍሮ ሥነ ሕይወት ያስተማረ፣ ከይመር ሌላ በከተማው የነበረ ብቸኛ ከሃዲ፣ የልብ ጓደኛው ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር ተቀምጠው ስንት ዓመት ሙሉ ሰማዩን ባዶ ሲያደርጉ ኖረዋል። ማንደፍሮ ሲሞት አለኝታው በመጀመሪያው ዓመት ልክ እንደ ራሱ ነበር፤ «ሰዎች፣ ማንደፍሮ ሞቷል፣ እኔ ማሽን ነኝ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ብሎ ድንኳኑን ሙሉ ሰው አስቀይሟል። ይመር ያን ቀን በሳቅ አልቅሶ ነበር። ግን አለኝታ የሰሚውን ፊት ያያል። ደስ ያሰኘውን ይይዛል፣ ያስከፋውን ይጥላል። ይመር ሁለት ዓመት ታሞ ስለቀረ ጓደኛው ምን ላይ እንደደረሰ አላየም።

«ማንደፍሮ፣ እንዴት ነህ?» አለ ወደ ድንኳኑ ሲገባ፣ አንዲት ደህና ስድብ ጠብቆ።

«ተመስገን ነው ይመርዬ» አለ የማንደፍሮ ድምፅ። ያው ጎርናና ድምፅ፣ ያው «ረ»ን የሚጎትት አንደበት። «ከላይ ሆኜ አያችኋለሁ። ሁሉም ለበጎ ነው።»

ይመር ባለበት ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ተሳስተን ነበር ወንድሜ። እዚህ ብርሃን ብቻ ነው። አንተም ጊዜው ሳያልፍ ልብህን ክፈት።»

ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «አያችሁ፣ እሱ እንኳ አመነ» አሉ።

«አላመነም!» ብሎ ጮኸ ይመር። «ሞቷል እኮ! የሞተ ሰው እንዴት ብሎ ያምናል? ተናገሩ እንጂ፣ በምን ጭንቅላቱ ነው የሚያምነው?»

«ጋሽ ይመር፣ ይረጋጉ» አለች ጦይባ ክንዱን ይዛ። «ሟች ፊት አይጮህም።»

ሟች ፊት አይጮህም! ይመር ክንዱን አስለቅቆ ወጣ። ያናደደው የሰዉ እልልታ አልነበረም። ማንደፍሮ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ነበር ያለው፤ በዚያ አንድ ነገር ከሥራ ተባሯል፣ እህቶቹ ተጣልተውታል፣ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ቄስ ሲያመጡለት ፈገግ ብሎ «ሌላ ቀን» ብሎ መልሷል። አሁን በገዛ ድምፁ የገዛ ቃሉን ይክዳል፣ ተነስቶ «ውሸት ነው» የሚልበት አፍ ግን የለውም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ይመርን ደግሞ መስከረም ሳይጠባ እዚያው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው።

ማክሰኞ ቀን የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን አባቶች ፍለጋ ሄደ። ሼህ ሙሄና መምሬ አስናቀ ከሙቀቱ የተነሳ ሥራ የሚቆምበት የእገዳ ሰዓት ሲደርስ፣ መንገዱ ሁሉ ጭር ሲል፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ጥላ ሥር ገበጣ ይጫወታሉ። ልጆች ሆነው አብረው ከብት የጠበቁ፣ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ይመር ከጎናቸው ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ነገሩን ዘረገፈው።

«አብሽር፣ ይህማ ቀላል ነው» አሉ መምሬ ጠጠር እያደሉ። «እናትህ ወለተ ማርያም ናት። ግማሽህ የኔ ነው።»

«ስሙ ይመር እንድሪስ» አሉ ሼህ ሙሄ። «በየት በኩል ነው ላንተ የሚደርስህ?»

«ክርስትና ተነስቷል!»

«ቁርዓንም ቀርቷል! አባቱ እኔ ዘንድ ነው ያመጡት።»

«ኧረ አትካፈሉኝ፣ በግ አደረጋችሁኝ እኮ!» አለ ይመር። «እኔ የምፈልገው አንዲት ቃል ነው። ሸንጎ ላይ ቆሜ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ እላለሁ፣ አንዳችሁ ተነስታችሁ ሰምቻለሁ ትላላችሁ፣ አለቀ።»

የመምሬ እጅ ገበጣው ላይ ቆመ።

«አለ ብለህ ታምናለህ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያስ?»

«እዋሻለኋ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«እኔ ስንት ዘመን እመን ስልህ፣ መምሬ መዋሸት አልወድም፣ አምናለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል እያልክ አንጀቴን ስትቆርጠው ኖረህ» አሉ መምሬ ቀስ ብለው፣ «አሁን በሸንጎ ፊት፣ ያውም በሞት አፋፍ ላይ፣ እኔን ምስክር አድርገህ ልትዋሽ?»

«አሁን አንዴ ካልዋሸሁ ሞቼ ዕድሜ ልክ ልዋሽ ነው! ማንደፍሮን አልሰማችሁትም?»

«ሰምቼዋለሁ» አሉ ሼህ ሙሄ። ፊታቸው ጠቆረ። «በሕይወት እያለ ስንከራከር ያደርን ሰው ነው። ከግድግዳ ላይ ብርሃን ነው፣ ብርሃን ነው ሲል ብሰማው ምን ደስ ይለኛል? እምነት እንዲህ ነው እንዴ? በቀቀንም ይለዋል።»

«እኛንማ ማን ይጠይቀናል» አሉ መምሬ፣ ሳያስቡት ምሬታቸው አፈትልኮ። «ባለፈው አንዲት ልጅ ስለ ገነት ላስተምራት ብል፣ አያቴ እዚያው ስላለች ከሷ እሰማለሁ አለችኝ።»

«ታዲያ አውጡኛ!»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እወድሃለሁ ይመር። ለሐሰት ግን አልቆምም። እንድትዋሽ ሳይሆን እንድታምን ነው የጸለይኩልህ።»

«እኔም በምንም ዋጋ ያልሸጥኩትን ነገር አሁን የምጥለው ወድጄ መሰለዎት?» አለ ይመር። ድምፁ ተሰበረበት፣ በዚህም ራሱን ታዘበ።  ሼህ ሙሄ ጠጠሮቹን ሰብስበው ገበጣውን እንደ አዲስ ደለደሉ።

ቤቱ ሲደርስ የሚስቱ አለኝታ ከማድ ቤቱ ግድግዳ «ይመርዬ፣ መጣህ? ደክሞህ ይሆናል» አለው። ደብሪቱ በሕይወት ሳለች ሲዘገይ «የት ስትልከሰከስ ዋልክ» ነበር የምትለው። አጥባቂ ነበረች። እሱ ፈጣሪ የለም ባለ ቁጥር ማማሰያ ትወረውርበታለች፣ ከዚያ ደግሞ ስለሱ ጾም ትይዛለች። ትዳራቸው እንደዚያ ነበር፣ ጥሩ ትዳርም ነበር።

«ደብሪቱ» አላት ግድግዳው ሥር ቆሞ፣ «እግዚአብሔር የለም።»

«አንተ ካልክ ይሁን የኔ ጌታ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ዋናው ፍቅር ነው።»

«ተከራከሪኝ እንጂ! ደብሪቱ! ስደቢኝ!»

«አትጨነቅ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

ትርንጎ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ከበሩ ላይ ትመለከተው ኖሯል።

«አባየ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ነይ እውነቱን ንገሪኝ። እናትሽ እንዲህ ነበረች?»

«አይደለችም» አለች ትርንጎ። ቦርሳዋን ወርውራ ቁጭ አለች። «እንዳልሆነች አውቃለሁ። አውቄ ነው የምሰማት። ከሥራ ስመጣ አንድ ሰው መጣሽ ቢለኝ ምን አለበት?»

«እኔንም እንደዚህ ልትሰሚኝ ነው?»

«አዎ።»

«ከላይ ሆኜ አይሻለሁ፣ ሁሉም ለበጎ ነው ስልሽ?»

«ውሸትህን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን አልኖርም፣ ትርንጎ! ተይ፣ ይሄ የኔ ቃል አይደለም ማለት አልችልም። በሕይወት ያለ ሰው ስሙን ሲያጠፉት ይከራከራል። እኔ በምን አፌ?»

ትርንጎ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀምራ ተወችው።

«ሞትን አትፈራም?» አለችው ድንገት። ይህን ጠይቃው አታውቅም ነበር።

«እፈራለሁ እንጂ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው የሚመጣብኝ። ውሃው እጄን ሲያቀዘቅዘኝ፣ ይሄን ብርድ የሚያውቅ ይመር የሚባል ሰው ሊጠፋ ነው እላለሁ።  መምሬ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ልቀበል የምልበት ቀን አለ። ግን ደስ ስላለኝ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ለማንደፍሮም አልሆነለት። ፈርቼም ቢሆን ያመንኩትን ይዤ ልሙት። ሌላ ምንም የለኝም።»

«አንተ እንግዲህ አልኖርም ብለህ ተገላገልክ» አለች ትርንጎ። እንባዋ ከንዴቷ ጋር መጣ። «የምኖረው እኔ ነኝ። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፣ ማን ነው እሱን ያወጣው? የተጎዳ የቀረ ነው። ድምፅህን እንኳ አትተውልኝም? ሸንጎ ላይ ቆመህ ብትዋሽ ዝም አልልም፣ አባየ። እነግራቸዋለሁ። ወላሂ እነግራቸዋለሁ።»

በሩን ዘግታ ገባች። አለኝታው «አትጣሉ ልጆቼ» አለ። ይመር ጫማውን አውልቆ ግድግዳው ላይ ወረወረ።

ሸንጎው የተቀመጠው በቅሬው አዳራሽ ነው። ይመር ምስክር ሳያገኝም ፈቃዱን ጠይቋል። ሰዉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ባቡር ነጂው ሊያምን ነው የሚለው ወሬ ደሴ ድረስ ደርሷል ተብሏል። ሼህ ሙሄና መምሬ አስናቀ እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ትርንጎ ከሴቶቹ መሐል ናት፣ አባቷን አታየውም።

«ጋሽ ይመር፣ ቃልዎን ይስጡ» አለች ጦይባ።

ይመር ተነሳ። የወንበር መደገፊያ ያዘ። በዚህ ሁሉ ዓመት ፈርቶም ታሞም፣ የደብሪቱን ሬሳ አቅፎም ያላላት ቃል ናት። አሁን ስትወጣ እንደሌላ ሰው ቃል ቀጠነችበት።

«ከሞት በኋላ ሕይወት እንዳለ አምናለሁ።»

እልልታው አዳራሹን አናጋው። ጦይባ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ደግ ሴት መሆኗ ይኸው ነው፤ ከልቧ ደስ ብሏታል። ትንሽ ቆይታ ግን ጉሮሮዋን ጠረገችና «በየትኛው በኩል ነው ታዲያ?» አለች።

ይመር ደነገጠ። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሲያጠና አድሮ ይህችን ረስቷታል። ሌላ አገር ቢሆን ይህን የሚረሳ ሰው አይኖርም፤ ከአባቱ ጋር ለመውሊድ፣ ከእናቱ ጋር ለጥምቀት እየወጣ ያደገ የወሎ ልጅ ግን ይረሳዋል።

«በሁለቱም» አለ።

ሰዉ ሳቀ። ጦይባ አልሳቀችም። «ጋሽ ይመር፣ ሁለቱም አይሆንም። ወይ እዚህ ወይ እዚያ ነው። መሄጃው መታወቅ አለበት።»

 ይመር አለቀልኝ አለ በልቡ። ያኔ ሼህ ሙሄ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ደንቡ የሃይማኖት አባት ሰምቻለሁ ይበል ነው የሚለው፣ ልጄ» አሉ። «የልቡን የሚያውቅ ፈጣሪው ነው። እኔ የተጠየቅኩት ጆሮዬን ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ዓይን ሁሉ ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ አስናቀ መስቀላቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ይመርን ቀና ብለው አላዩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ የሆዱን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።  ከዚያ እንደተቀመጡ «እኔም ሰምቻለሁ» አሉ፣ መራራ ነገር እንደሚውጥ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው።

«እንግዲህ የቀረው ቤተሰብ ነው» አለች ጦይባ። «ትርንጎ፣ ተነሺ እስቲ። አባትሽ ይህን ያለው ከልቡ ነው?»

ትርንጎ ተነሳች። ይመር አያት። አንዲት ቃል ብትናገር፣ ዋሽቷል ብትል፣ ድምፁ የሷ ነው። ከሥራ ስትመጣ መጣሽ የሚላት፣ ሲከፋት የሚያባብላት፣ የማይሞት አባት ይኖራታል። ከቅሬም አትወጣም። ሁሉም ያመሰግናታል። ይመር አንዴ እንኳ በዓይኑ ሊለምናት አልደፈረም፣ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

«አባቴ» አለች ትርንጎና ምራቋን ዋጠች። «አባቴ ዋሽቶ አያውቅም።»

ተመልሳ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ይመር በደንብ አላየውም። እልልታው ቀጠለ፣ እጁን ሳሙት፣ ግንባሩን ሳሙት። «ባቡር ነጂው ተመለሰ!» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ለጎረቤቱ፣ ይመር እየሰማ፣ «ድሮም እኮ ሞት ሲመጣ የማያምን የለም፣ አፋቸው ነው» አለው። ይመር ዞሮ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ከፍቶም ቆመ። ምን ብሎ ይመልስ?

በነጋታው ገና ቁርስ ሳይበላ ጎረቤት መጉረፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ድፎ ዳቦ ተሸክማ ከበሩ ላይ «እንኳን ደስ አለሽ ትርንጎ! አባትሽ ብርሃን አየ! ፈጣሪ መጨረሻውን አሳመረለት!» አለች። ትርንጎ ዳቦውን ተቀብላ «አሜን» አለች። ሁለተኛዋ መጣች፤ አሜን። ባልና ሚስት መጡ፤ ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን፣ ለልጅ ልጆቻችንም ይነገራል አሉ። አሜን፣ አሜን።

በሩ ሲዘጋ ትርንጎ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አባቷ ፊት ቆመች።

«ሰማህ አይደል?»

«ሰማሁ።»

«ይሄንን አንተ ከሞትክ በኋላ በየቀኑ ልሰማው ነው። በየልቅሶው፣ በየገበያው፣ አባትሽ አምኖ ሞተ ይሉኛል። እኔም አሜን ልል ነው። ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል የፈራኸውን ውሸት እኔ አፍ ላይ ሰቀልከው፣ አባየ።»

ይመር አፈረ። ስለራሱ ቃል ስንት ሲያስብ ስለሷ አፍ አላሰበም ነበር። አልቅሶ የሚወጣለት መስሎት ጠበቀ፣ አልወጣለትም።

«እንግዲያስ እውነቱን ንገሪያቸው» አለ።

«ዛሬ ነግሬ፣ ነገ ቁልፏን ደረትህ ላይ ሊለጥፉልህ?»

«ከሞትኩ በኋላ ንገሪያቸው።»

«ከሞትክ በኋላ ከቅሬ ሊያስወጡኝ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ትያለሽ?» አለ ይመር። እሱም ተናዶ ነበር። በሷ አይደለም፤ በጦይባ ደግነት፣ በደንቡ፣ በገዛ ልቡ መድከም፣ በሁሉም።

«አትሙታ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «ሌላ ምን እልሃለሁ? አትሙት!»

ይመር አያት። ፀጉሯ ተበትኗል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ስትቆጣ ቁርጥ ደብሪቱን ነው።

«እሱን ብቻ ነው ያልቻልኩት፣ ልጄ» አለ።

ትርንጎ ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ጉልበቱ ላይ ተደፋች። ይመር ራሷን ያዘ። ይህን ራስ የሚይዝ እጅ ትንሽ ቆይቶ እንደማይኖር ያውቃል፤ አንዳች የሚያጽናናው ነገር ፈልጎ አጣ፣ ቢሆንም አልለቀቃትም። 

በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳችና ልትከፍት ሄደች። ይመር ከውስጥ ሆኖ የእንግዶቹን ምርቃት ሰማ፤ ልጁ «አሜን» ስትል ሰማ፣ ደግማም «አሜን» ስትል ሰማ።